ስም የሚነበብበት ምሽት

ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ፣ ስልኬ አንድ ማሳወቂያ አመጣልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በሞት የተለዩን የማኅበራችን ታላቅ እናት እኔ ወደምጠቀምበት የመልእክት መላላኪያ መተግበሪያ መግባታቸውን ይነግረኝና ሰላምታ እንድልክላቸው ይጋብዘኛል። በስልኬ ላይ የመዘገብኳቸው በምጠራቸው ስም ስለነበር ጽሑፉ «እማማ ተቀላቅለዋል» የሚል ነበር። ነገሩ ምንም ምሥጢር የለበትም፤ የስልክ ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየን ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ይሰጣሉ፤ አዲሱ ባለቤት መተግበሪያውን በከፈተ ጊዜም ቁጥሩን በስልኩ ላስቀመጠ ሰው ሁሉ ማሳወቂያው በድሮው ስም ይደርሰዋል። ይህን በሚገባ ዐውቃለሁ። ቢሆንም አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እነዚያን ሁለት ቃላት ስመለከት ምን ያህል እንደቆየሁ አላስታውስም።

ማሳወቂያው የደረሰው ለእኔ ብቻ አልነበረም። በሳምንታዊው ስብሰባችን አንዲት እኅት ነገሩን አንሥታ ስንነጋገር፣ ከነበርነው 19 ሰዎች መካከል 11 የምንሆነው የእማማን ቁጥር እንዳልሰረዝን ታወቀ። አንዳችን ለሌላችን ተናግረነው አናውቅም። አንዱ ወንድማችን አዲስ ስልክ በገዛ ጊዜ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየለየ ሲያስተላልፍ፣ እማማ ጋ ሲደርስ ጥቂት አመንትቶ እንዳስተላለፋቸው ነገረን፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «እንዴት እንደምተዋቸው አላወቅሁም» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ያረፉ ወገኖቻችንን የምናስታውስበት መንገድ ሲያብላላኝ ሰነበተ።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። 31 ዓመት ሙሉ በሳምንት አንድ ምሽት እየተሰበሰበች ትጸልያለች፣ ታነብባለች፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል በዝምታ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወንበሮቹን ሰብስበን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ሰው እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቆይ ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ጋር የሚኖረው ቅርበት ለየት ያለ ነው። ምን ሠርቶ እንደሚያድር በውል የማላውቀው ሰው ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣው ነገር ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ስለ ልጁ ሲጸልይ ድምፁ የትኛው ቃል ላይ እንደሚሰበር ዐውቃለሁ፤ በዝምታው ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን አተነፋፈሱን ከሌላው እለያለሁ። ይህ ሰው ሲሞት ግን ሐዘኔን የማሳርፍበት ቦታ የለኝም። ለሥጋ ዘመድ ከሥራ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለ26 ዓመት አብሮ ለጸለየ ሰው ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በአንዱ ወንድማችን ቀብር ላይ ከቤተሰቡ በስተኋላ ቆመን ስናለቅስ፣ ልጆቹ «እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» በሚል ዓይን እርስ በርስ ሲተያዩ አይቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም፤ እኛም እነሱን አናውቃቸውም ነበር።

ሐዘናችንን የምናሳርፍበት አንድ ነገር ቢኖረን ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተላላጠ ሰማያዊ ደብተር ነው። በውስጡ ያረፉ አባሎቻችን ስም ከነአባታቸው፣ ያረፉበትም ቀን ተጽፏል፤ ሌላ ምንም የለበትም። እስካሁን 14 ስሞች አሉ። የመጀመሪያዎቹን አራት ስሞች የጻፉልን አባት ፊደላቸው ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ብዕራቸውን ጠበቅ አድርገው የሚጫኑ ነበሩ፤ አምስተኛው ስም የራሳቸው ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የእጅ ጽሕፈቱ ይለወጣል። ደብተሩን በያዝኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው መሥመር መካከል ነው። በዓመት አንድ ምሽት ስሞቹን ጮክ ብለን እናነባለን፤ ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስንሻገር አንድ ሰው በረጅሙ ተንፍሶ እስኪጨርስ ያህል እንቆያለን። ሥርዓታችን በዚህ ያበቃል።

ይህን ከማንም ሳንማር የጀመርነው ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ማንበብ ስጀምር ግን የተቀላቀልነው እጅግ ረጅም ከሆነ ሰልፍ ጫፍ ላይ እንደሆነ ገባኝ። በመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት አብያተ ክርስቲያናት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ባለሁለት ገጽ ሰሌዳ ነበራቸው፤ የሕያዋንና የሙታን ስም ተጽፎበት በቅዳሴ መካከል ይነበብ ነበር፤ ከግሪክኛ በመጣ ቃል ዲፕቲክ ይባላል። በጀርመን የኑረንበርግ አይሁድ እ.ኤ.አ. በ1296 በተጀመረ የመታሰቢያ መጽሐፋቸው ላይ የመስቀል ጦረኞች በ1096 ካደረሱት እልቂት ጀምሮ የተገደሉ ወገኖቻቸውን ስም መዝግበው በምኩራብ ያነቡት ነበር። የሱፊ ማኅበራት ከመምህር ወደ መምህር የወረደውን የስም ሰንሰለት ይደግማሉ፤ የዜን ቡድሂስት ገዳማትም እንዲሁ የቀደሙ መምህራንን ስም በዜማ ይጠራሉ። እነዚህ የኋለኞቹ ግን የመምህራን ስሞች ናቸው፤ እኔን የሚያሳስበኝ በመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ አንድም ቀን ሳያስተምር የሞተው ሰው ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የነካው የመካከለኛው ዘመን ገዳማት ያደርጉት የነበረው ነው። አንድ መነኩሴ ወይም አበምኔት ሲያርፍ የሞቱን ዜና በብራና ጥቅልል ጽፈው ለአንድ መልእክተኛ ያስይዙታል፤ መልእክተኛው በእግሩ ከገዳም ገዳም ይዞራል፤ የደረሰበት ገዳም ሁሉ የጸሎት ቃሉን በጥቅልሉ ላይ ይጽፋል፤ ቦታው ሲያልቅ ሌላ ብራና ከግርጌው ይሰፋበታል። በኖርማንዲ የሳቪኒ ገዳም መሥራች የነበሩት አባ ቪታል እ.ኤ.አ. በ1122 ሲያርፉ የተላከላቸው ጥቅልል በፈረንሳይና በእንግሊዝ ዞሮ ከ200 በላይ ማኅበራት የጻፉበት ሲሆን፣ ዛሬም ድረስ አለ፤ ርዝመቱ ከ9 ሜትር ይበልጣል። ገዳማቱ በእንዲህ ያለ ጥቅልል ላይ ለሟቹ እንደሚጸልዩ ከጻፉ በኋላ ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን ሙታን ስም አከታትለው «ለእኛም ጸልዩልን» ይላሉ። በዝናብና በጭቃ የሄደው መልእክተኛ የአንድ ሰው ሞት ይዞ ወጥቶ የመቶዎችን ስም ተሸክሞ ይመለስ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስም ማንበብ ራሱን የቻለ ችግር እንዳለው ያስተዋልኩት ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ማኅበራችን የመጣች አንዲት ወጣት በጠየቀችው ጥያቄ ነው። ከንባቡ በኋላ ወንበር እያነሣን ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የማላውቃቸው ሰዎች ስም ሲነበብ እኔ ምን እያሰብኩ ልቀመጥ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከ14ቱ ስሞች እሷ የምታውቀው አንዱን፣ እማማን ብቻ ነበር። መልስ አጥቼ ስንተባተብ አጠገባችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ «የሚያነበውን ሰው ፊት እይ፣ ልጄ» አሏት። በጊዜው ነገር ለማሳጠር ያሉት መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን እኔም እንደተባለው አደረግሁ፤ አንባቢው ሰባተኛው ስም ላይ ሲደርስ የታችኛው ከንፈሩን ነክሶ ሲለቅ አየሁ፤ ሰባተኛዋን ሟች እኔ ከማውቃት በላይ ያውቃት እንደነበር የተረዳሁት ያኔ ነው።

የወጣቷ ጥያቄ ሌላም ነገር አስታወሰኝ። በፈረንሳይ የክሉኒ ገዳም ሙታንን በማሰብ ሥራ ወደር ያልነበረው ነው፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በየዓመቱ በጥቅምት ወር መገባደጃ፣ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 2፣ የሚታሰበው የሙታን ሁሉ መታሰቢያ የተስፋፋው ከዚያ ገዳም ነው። በክሉኒ አንድ መነኩሴ በሞተበት ዕለት በየዓመቱ የእሱ የምግብ ድርሻ ለአንድ ድኻ ይሰጥ ነበር። አሳቡ እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም ሙታን በየዓመቱ ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። በ12ኛው መቶ ዓመት ገዳሙ የሚመግባቸው ሙታን ቁጥር ከሕያዋኑ መነኮሳት አቅም በላይ ስለሆነ፣ አበምኔቱ ጴጥሮስ ድርሻው በቀን ከ50 እንዳይበልጥ ለመወሰን ተገደደ፤ አለበለዚያ ሙታኑ ሕያዋኑን ከገዳሙ ሊያስወጧቸው ነበር። የእኛ ደብተር ገና 14 ስም ብቻ ቢኖረውም ዕድሜያችንን ቆጥሬ ስገምት ከ20 ዓመት በኋላ የሚነበቡት ከሚያነቡት ሳይበልጡ አይቀሩም። ይህ እንደሚያስፈራኝ መደበቅ አልፈልግም።

በተለይ የሚያስፈራኝ ስሞቹ ሲበዙ ሰዎቹ አንድ ዓይነት እየሆኑ መምጣታቸው ነው። ቀደም ሲል ከንባቡ በኋላ የፈቀደ ሰው ስለ ሟቹ ጥቂት እንዲናገር እናደርግ ነበር። ዓመት በዓመት ሳዳምጥ ግን ሙታኖቻችን ሁሉ ታጋሽ፣ ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም ለጸሎት የሚተጉ እየሆኑ ሄዱ። በዝምታው ሰዓት እያንኮራፋ ሲያስቀን የኖረው ወንድማችን ከሞተ በአራተኛው ዓመት «በተመስጦ የታወቀ» ተባለ። እኔና ጎረቤቴ ተያይተን ጭንቅላታችንን ደፋን። ሟችን በክፉ አለማንሣት ጨዋነት እንደሆነ ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን ያን ማንኮራፋት የወሰደብኝ ሰው ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ የቀበረብኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ያ ሰው በሌሊት ፈረቃ ሲሠራ አድሮ፣ ከእንቅልፉ ሰዓት ቆርሶ ነበር የሚመጣው። ማንኮራፋቱ ከተሰረዘ የመጣበትም ዋጋ አብሮ ይሰረዛል።

ኩዌከሮች የሚባሉት፣ በዝምታ ተቀምጠው የሚያመልኩት ክርስቲያኖች፣ በዚህ ረገድ ያላቸው ልማድ ይማርከኛል። ለሙታን ጌጥ ማብዛትን አጥብቀው የሚሸሹ ሰዎች ናቸው፤ በብሪታንያ የሚገኘው ጉባኤያቸው በመቃብር ላይ ስም ያለበት ተራ ድንጋይ እንዲቆም የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1850 ነው፤ ያም ቢሆን ድንጋዮቹ ሁሉ እኩልና ያላጌጡ እንዲሆኑ አዝዞ። ስለ አንዳንድ ሟች አባሎቻቸው ግን የአጥቢያው ጉባኤ አንድ ጽሑፍ ያዘጋጃል፤ ርእሱ ሟቹን የሚያወድስ ሳይሆን የእግዚአብሔር ጸጋ በዚያ ሰው ሕይወት እንዴት እንደታየ የሚመሰክር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ብዕር ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ግን ትልቅ ነው። ጸጋው የእግዚአብሔር ከሆነ የሰውየውን ቁጡነት መደበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቁጡነቱ ካልተጻፈ ጸጋው ምን ላይ እንደሠራ አይታይም።

እማማ ቁጡ ነበሩ። አንባቢ ሲሳሳት ስብሰባው እስኪያበቃ አይታገሡም፤ እዚያው ያርማሉ። አንድ ጊዜ ታማ የቀረች አባል እንድትሰማው ንባቡን በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ ቅጂው 40 ደቂቃ ያህል ይሆናል። በመካከሉ አንዱ ወጣት ምዕራፉን ሲያጣድፈው በመጀመሪያ የእማማ ደረቅ ሳል ይሰማል፤ ማስጠንቀቂያቸው እሱ ነበር። ወጣቱ አልገባውም። ከዚያ ድምፃቸው ይመጣል፤ «ቀስ በል! ማን እያባረረህ ነው?» ከዚያ ወንበር ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ሰው ሳቁን ሲውጥ፣ ወጣቱም ጉሮሮውን ጠርጎ ከአንቀጹ መጀመሪያ ሲነሣ ይሰማል። ካረፉ በኋላ ፎቶግራፋቸውን አጉልተን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል፤ ፎቶግራፉ ላይ ፈገግ ብለዋል፤ መልካም ፎቶግራፍ ነው። እኔ ግን እማማን ስፈልጋቸው ወደ ፎቶግራፉ አልሄድም፤ ቅጂውን ከፍቼ ወደ 23ኛው ደቂቃ ነው የምሄደው።

ወደ ደብተሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ ሁሉ የከበደው ጉዳይ እዚያ ውስጥ ያልተጻፈው ስም ነበር።

ከመሥራቾቻችን አንዱ የነበረ ሰው ከ11 ዓመት በፊት ተጣልቶ ወጣ። የጠቡ መነሻ ዛሬ ሲያስቡት የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው፤ ጸሎቱን በተራ እንምራ ወይስ በዕድሜ በሚለው ላይ ነበር። ነገሩ እየከረረ ሄዶ፣ ዛሬ ደብተሩን ከሚይዙልን ሽማግሌ ጋር በሁላችንም ፊት ከባድ ቃል ተለዋወጡ፤ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ወጣ፤ አልተመለሰም። ከሄደ በኋላ ያስታረቀ የለም። እኔም አልሞከርኩም፤ በየሳምንቱ «በሚቀጥለው እደውልለታለሁ» እያልኩ ስምንት ዓመት አለፈ። መሞቱን የሰማነው ከተቀበረ ከአራት ወር በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ ነው።

ስሙ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ ሁለት ምሽት ተነጋገርን። አንዳንዶቹ «በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው ነው፤ ስሙን ብንጽፍ ራሱም አይወድም» አሉ። እኔ መጻፍ አለበት ባይ ነበርኩና የዮሐንስ አፈወርቅን ታሪክ አነሣሁ። የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ በጠላቶቹ ተከስሶ ከመንበሩ ከወረደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ407 በስደት ሲሞት፣ ስሙ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ የሙታን ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም ነበር። በዚያ አንድ ስም ምክንያት ሮም ከምሥራቅ መናብርት ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች፤ በመጨረሻ ሌሎቹ ስሙን ሲመልሱ የእስክንድርያው ቄርሎስ ለመቀበል ብዙ ዘግይቷል፤ አጽሙ ወደ ቁስጥንጥንያ የተመለሰው በ438፣ ከሞተ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። የስም ሰሌዳ ለመልካም ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ አብሮን የነበረ ሰው መኖሩን የምናምንበት ነው፤ ብዬ ንግግሬን ስጨርስ ደብተሩን የያዙት ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እኛ ቁስጥንጥንያ አይደለንም» ብለው ዝም አሉ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ስደርስ ግን ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸውም፣ ያን ሁሉ ታሪክ በደረደርኩት በራሴም።

ከክርክራችን ይልቅ አንድ ሌላ ነገር አሳፈረን። እንጻፍ ያልነውም ብንሆን ሙሉ ስሙን አናውቀውም ነበር። ሁላችንም የምንጠራው በመጀመሪያው ስሙ አሳጥረን ነው፤ ከእኛ ጋር 20 ዓመት ሲጸልይ የአባቱን ስም የጠየቀው ሰው የለም። ቤተሰቡን ለመጠየቅ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሳንደውል ቆይተን በምን ፊት እንደምንደውል ጠፋን። ስለዚህ ነገሩ ሳይወሰን እንዲሁ ተንጠልጥሎ ሁለት ዓመት አለፈ።

የዘንድሮው የንባብ ምሽት የማሳወቂያው ነገር ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ደብተሩን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው መሥመሩን እየተከተሉ ያነባሉ፤ እኔም የወጣቷን ጥያቄ አስታውሼ ፊታቸውን አያለሁ። 14ኛው ስም የእማማ ነው። እሱን አንብበው እንደ ልማዳችን ጥቂት ቆዩ፤ ደብተሩን ይዘጋሉ ብለን ስንጠብቅ ጣታቸው ወደሚቀጥለው መሥመር ወረደ። ከተቀመጥኩበት አሻግሬ ሳይ መሥመሩ ባዶ ነበር። ባዶውን መሥመር በጣታቸው እየተከተሉ የዚያን ሰው ስም ጠሩ፤ አሳጥረን የምንጠራውን ሳይሆን ሙሉውን፤ ከዚያም ማናችንም ሰምተነው የማናውቀውን የአባቱን ስም፣ ቀጥለውም የአያቱን። ጎረቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እሳቸው ከደረት ኪሳቸው ብዕር አውጥተው ክዳኑን በጥርሳቸው ነቀሉና መጻፍ ጀመሩ፤ እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አልተነሣም።